ሟቹ በሰዓቱ ተገኝቷል

የሰቆጣ አማተር የቴአትር ክበብ መጋረጃ፣ በክበቡ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይቀደድ መከፈቱን ለመላው የዋግ ሕዝብ በታላቅ ክብር እናበስራለን።

ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ሆኖታል። በድራማው ሟቹን የሚጫወተው ደግሰው ሥራው ጋቢ ተከናንቦ አልጋ ላይ መተኛት ብቻ ስለሆነ፣ ልምምድ ላይ ያንኮራፋል። ሚስቱን የምትጫወተው እታገኝ ናት። እውነተኛው ባሏ ግን ግንባር ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ለቅሶ ተቀመጪ ሲሏት፣ "መርዶ ሳይመጣ ካለቀስኩ እኔው ገደልኩት ማለት ነው" ትላለች።

መጋረጃው ሲከፈት ሟቹ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። አዘጋጁ አሳምነው፣ "ደግሰው ዛሬስ ሰዓት አከበረ" አለ።

እታገኝ ሙሾውን ስትጀምር አዳራሹ ቴአትር መሆኑን ረሳ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ። ከጋቢው ሥር አንድ እጅ ወጣና እጇን ያዘ። ይህ ልምምድ ላይ አልነበረም።

"አንተ ደግሰው! ሬሳ ነህ እኮ!" ሲል አሳምነው ከመጋረጃው ጀርባ በሹክሹክታ ተቆጣ።

ያኔ የአዳራሹ በር ተከፈተና ደግሰው አቧራ ለብሶ ገባ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ መኪናው ደሃና ወረዳ መንገድ ላይ ተበላሽቶብን ነው።"

ማንም አልሳቀም። አሳምነው ወደ መድረኩ ወጣ፤ አልጋው አጠገብ ግን አልደረሰም።

"እታገኝ፣ ግለጪው።"

ሙሾውን አቆመች። የተያዘ እጇን ሳታስለቅቅ፣ በሌላው እጇ የጋቢውን ጫፍ በሟቹ ራስ ሥር አጥብቃ ወሸቀችው።

"አልገልጥም።"

"ኧረ ለምን?"

"ለምን አትበለኝ፣ ጋሼ። እስካልገለጥኩት ድረስ ባሌ ነው።"