ከሠርጉ ያመለጠው በግ

በጉ ገመዱን በጥሶ የኢስና ከተማን ገበያ መሐል ለመሐል ሲሰነጥቀው ነዋራ ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው።

"የሙሽራዋ እናት፣ እራታችን አመለጠ እኮ" አላት ሽቶ ሻጩ።

እሷ ሩጫዋን ቀጠለች። በጉ ከሱቆቹ ጀርባ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወደ ተቀመጠው የጥንት ቤተ መቅደስ የሚያወርደውን ደረጃ ይዞ ነበር። የዚያ በር ዘበኛ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ሻዝሊ ነው።

እሱን ሳታማክር ልጇን ሸይማን ለመዳር ቃል ስለገባች፣ ከረመዳን ወዲህ ተኳርፈዋል። እሱ "ራሷ ደጄ ካልመጣች ደጇን አልረግጥም" ብሎ ማለ፤ እሷም "አልለምነውም" ብላ ማለች። ዛሬ ማታ ሠርግ ነው። የሙሽራዋ አባት በሕይወት የለም፤ አጎቷ ከቀረ እጇን ይዞ ከቤት የሚያወጣት አይኖርም።

ነዋራ ስትወርድ ሻዝሊ ወንበሩ ላይ ነበር።

"ቲኬት" አላት፣ ቀና ሳይል።

"ለእኔ ነው ለበጉ?"

"እሱማ ዘመዶቹ ቤት ነው የገባው።"

እውነቱን ነው። በጉ፣ የበግ ራስ ያለው የጥንቱ አምላክ ከተቀረጸበት ግድግዳ ሥር ቆሞ ያለከልካል። ሁለት ፈረንጆች ፎቶ ያነሱታል።

"ስጠኝና ልሂድ።"

"ሸሽቶ ደጄ የገባን አሳልፌ ልስጥ? አባታችን እንዲህ ነው ያሳደገን?"

ራሷ ልትይዘው ገባች። በጉ በዓምዶቹ መሐል እያዞረ አደከማት፤ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሻዝሊ ሳቁን ቢውጠው ቢውጠው አልሆነለትም። ተነሥቶ ባንድ ወገን ዘጋበት፣ እሷ በሌላው፤ ልጆች ሳሉ የአባታቸውን ፍየሎች እንደሚይዙት። ሻዝሊ ቀንዱን ጨበጠው።

"ለበጉ ነው የመጣሁት" አለች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "ሌላ እንዳይመስልህ።"

"እግርሽ ደጄን ረግጧል። ለምን እንደመጣ አልጠይቀውም። የእኔ መሐላ ተፈታ።"

"የእኔስ?"

"አንቺ መቼ ለመንሽኝ?"

ነዋራ ሻርፗን መልሳ ተከናነበች። "ሸይማ ከጠዋት ጀምሮ 'አጎቴ መጣ?' ትላለች። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ነው የዋልኩት።"

ሻዝሊ የበጉን ግንባር አሻሸ።

"ጀለቢያዬ አልተተኮሰም" አለ በመጨረሻ።

"እኔ እተኩስልሃለሁ።"

ሻዝሊ በሩን ለባልደረባው አደራ ሰጠና አብረው ወጡ፤ እሱ ከፊት ይጎትታል፣ እሷ ከኋላ ትገፋለች። ደረጃው መሐል ሲደርሱ በጉ እምቢ ብሎ ተኛ። አላስገደዱትም። ወንድምና እህት ግራና ቀኙ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ሞቃት ጀርባው ላይ አሳርፈው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።