ዓምና የተቀዳ መልስ

የአባቷን መታወቂያ ቁጥር የምትሠራውን ፕሮግራም ለሚፈትሸው ቴስት ናሙና ያደረገችው ራሷ ናት። ዓምና የልደትና የሞት መዝገቡ ሰርቨር «በሕይወት አለ» ብሎ ሲመልስላት፣ መልሱን ቀድታ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ቴስቱ ሰርቨሩን መጠየቅ ትቶ ያንኑ ቅጂ እየደገመ በየቀኑ ያልፋል።

ሚያዝያ ላይ አለቃዋ፣ «ይሄ ቅጂ እኮ ሻገተ፤ ከሰርቨሩ አዲስ አምጪ» አላት። የገፋ ሆዷን ደግፋ ተቀመጠችና አመጣች። ቴስቱ ወደቀ።

«የተጠበቀው፦ በሕይወት አለ። የመጣው፦ ሞቷል፤ ጥቅምት 11።»

አገር ቤት አባቷን ለሚያስታምመው ወንድሟ ደወለች።

«አባባስ?»

ወንድሟ ሁልጊዜ የሚላትን ሳይጨምር ሳይቀንስ አላት፦ «ደህና ናቸው፤ አሁን ገና ሸለብ አደረጋቸው። አንቺ ብቻ በሰላም ተገላገይ።»