የሙሽራው ዘለበት

ሙሊሳ ሻኮፒ ከተማ ካለው መጋዘን የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ሳይተኛ ነበር የመጣው። እዚያው አቅራቢያ ብሉሚንግተን ከተማ በሚገኘው ሆቴል የሙሽራውን ክፍል ሲያንኳኳ ዓይኑ እየተከደነበት ነበር። ሴት ልጁን ሲንቄን የሚያገባው ኢያን በሩን ከፈተለት። ስኮትላንዳውያን ለሠርግ የሚለብሱትን ኪልት፣ ያንን ዳማ ዳማ ጉርድ ቀሚስ፣ እንዳይወርድበት በሁለት እጁ ጨብጦታል። ሙሊሳ ፊቱን አዞረ።

“ሱሪ ልበስ ብዬህ አልነበር? ዘመዶቼ ምን ይላሉ?”

“ይቅርታ አባባ። የአባቴ ነው” አለ ኢያን። “ለሠርግህ እኔው ራሴ አስርልሃለሁ ይለኝ ነበር። ሳይደርስ ሞተ። እሱ ወፍራም ስለነበር እኔን ሰፋኝ።”

ሙሊሳ ካርቶን ሲያነሳ ባደረ ጉልበቱ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከና የወገቡን ጠፍር ሳበው። ቆዳው አርጅቷል፤ ሟቹ ለዓመታት ያሰረበት ቀዳዳ ሰፍቷል። እሱን አልፎ ዘለበቱን መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ቆለፈው።

“አጠበቅኩብህ?”

ኢያን የለም ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

በዚህ መሀል የሙሊሳ እህት ወርቂቱ በሩን ገፋ አድርጋ አየች። “እንዴ! ይሄ ልጅ ሱሪ አላደረገም?”

ሙሊሳ የሙሽራውን ክንድ ተደግፎ በዝግታ ተነሳ።

“የአባቱን ልብስ ለብሷል” አላት። “እልል በይ።”