ፎቶው ውስጥ የገባው እጅ

ነጯ የውሃ ወፍ፣ ስዋኗ፣ የዳኑብን ወንዝ ውሃ እየቀዘፈች ስትቀርብ፣ አዛውንቱ ራዲቮዬ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ካሜራቸውን አነጣጠሩ። ልክ ሊያነሱ ሲሉ ደረቅ ዳቦ የያዘ የሴት እጅ ከጎን ገባባቸው።

«እጅሽን ሰብስቢ አላልኩሽም፣ ዴሳንካ?» አሉ ሳያስቡት።

«ዴሳንካ እንኳን አይደለሁም» አለች አጠገባቸው የቆመችው የማያውቋት ወጣት። እጇን ግን ወዲያው ሰበሰበች። «ይቅርታ አባባ፣ አበላሸሁብዎት።»

ካሜራውን ከዓይናቸው አወረዱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስዋኖቹን በዳቦ እያባበለች የምታቀርብላቸው ሚስታቸው ዴሳንካ ነበረች። ከቀበሯት ወዲህ ግድግዳው ላይ የሰቀሏቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ቢያዩ፣ ሁሉም ላይ ያለው ስዋንና ውሃ ብቻ ነው።

«ልጄ» አሉ ካሜራውን መልሰው ወደ ዓይናቸው እያነሱ፣ «እስቲ እጅሽን መልሰሽ ዘርጊልኝ።»