ለሁዜይፋ የሚላክ ቢላዋ

ያን ዕለት የአባቷ ቢላዋ ባይሰበር ኖሮ ቤታቸው ዛሬ ምን ይመስል ነበር? ዙሌካ ይህን ጥያቄ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ይዛው ኖራለች። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሳለች እንኳ ስለ ብረት የተጻፈ መጽሐፍ ካገኘች፣ የምትማረው ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ አቀርቅራ ታነብ ነበር።

ነገሩን በተወለደችበት በሀዋታ የማያውቅ የለም። አባቷ ጀማሉ ከጎረቤቱ ከእስማኤል ጋር በሰሊጥ ማሳ ወሰን ተጣላ። ቢላዋውን መዝዞ ሆዱ ላይ ሰነዘረበት። ስለቱ የእስማኤልን የቀበቶ ዘለበት መታና ከሥሩ ተቀነጠሰ፤ ጀማሉ እጅ ላይ የቀረው እጀታው ብቻ ነበር። ሰው መሃል ገብቶ ገላገላቸው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ በጀማሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ የአባቷ ስም «ጀማሉ እጀታ» ሆኖ ቀረ።

ዙሌካ «የእጀታ ልጅ» እየተባለች ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ትመለስ ነበር። አባቷ ጎህ ሲቀድ ማሳው ይወርዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል። እሷን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃት በዚያው ማሳ ነው። እስማኤልም በሕይወት ኖረ፤ ሰባት ልጆች ወልዶ ሱቅ ከፈተ።

አሁን እሷ ገዳሪፍ ከተማ ታስተምራለች። አንድ ቀን ወንድሟ ሁዜይፋ ከሀዋታ ደወለላት።

«ዙሉ፣ ለአጨዳ ሦስት ወር በረሃ ልወርድ ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ገበያውም ደጅሽ ነው። የማይታጠፍ፣ እንጨት ቢሉት እንጨት፣ እሾህ ቢሉት እሾህ የሚችል ቢላዋ መርጠሽ ላኪልኝ።»

«እዚያው አይገኝም?»

«የዚህን አላምነውም። ዘንድሮ ከጎናችን የሚያጭዱት የእስማኤል ልጆች ናቸው። ገና ሲያዩኝ ‹እጀታ መጣ› አሉ። ወላሂ፣ እንደ አባባ ተሰብሮብኝ መሳቂያ አልሆንም!»

ዙሌካ ወንድሟን ታውቀዋለች፤ አንዴ ደሙ ከፈላ የሚመልሰው የለም። «እሺ፣ እመርጥልሃለሁ» አለችው። ስልኩን ዘግታ ማስታወሻ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በማግሥቱ ላቀው ዘንድ ሄደች። ላቀው ከጎንደር በኩል የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ገበያው ጥግ ላይ ከአሮጌ ሎሪ ባሌስትራ ብረት ቢላዋ ይሠራል። ዙሌካ ሰው ፊት ድምፅዋ የማይወጣ ዓይን አፋር ናት። ዛሬ ግን ማስታወሻ ደብተሯን ከፍታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ዕቃውን ሀዋታ የሚያደርስላት ሾፌር አስር ሰዓት ላይ ይነሣል።

«ጋሽ ላቀው፣ ሳልፈትን አልገዛም።»

«ፈትኚ እንጂ ልጄ! የላቀው ብረት ፈተና ወድቆ አያውቅም።»

አንዱን ቢላዋ የግራር ጉማጅ ላይ አድርጎ ጀርባውን በመዶሻ ወቃው። ጉማጁ ለሁለት ተሰነጠቀ። ስለቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

ዙሌካ ደብተሯ ላይ ሰረዝ አደረገች። «ሌላ ያሳዩኝ።»

የሁለተኛውን ጫፍ የብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ውስጥ አስሮ እጀታውን በሙሉ ክብደቱ ሳበው። ብረቱ ተለመጠ፤ ሲለቀው ቀጥ ብሎ ተመለሰ።

«ይኼም አይሆንም።»

«አይሆንም? ምን አጠፋ?»

«አይሆንም፣ ጋሽ ላቀው። ሌላ።»

ሦስተኛው የአጥር ሽቦ ቆረጠ፤ ከግድግዳ ላይ ድንጋይ ፈነቀለ። አራተኛውን እሷው ራሷ ተቀብላ ሲሚንቶው ላይ ደጋግማ ወረወረችው። ነጥሮ ነጥሮ ተኛ፤ ደህና ነው። ሻሿ በላብ ረጠበ። ደብተሩ በሰረዝ ሞላ።

«ላቀው፣ ዛሬ መርማሪ መጣብህ!» አለች ከማዶ ገመድ የምትሸጠው በላይነሽ።

«ተዪኝ በላይነሽ! ለሚያገቡት ባል እንኳ ይህን ያህል አይመረመርም!» ወደ ዙሌካ ዞረ። «ሰማሽ ልጄ፣ ምን እንዲያደርግልሽ ነው የፈለግሽው? እንዲዘፍን?»

ዙሌካ አልሳቀችም። ከአስር ሰዓት የቀረው ትንሽ ነው፤ ሾፌሩ ከወዲያ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሁሉም ያው ነው! ከአንድ ብረት ነው የሚሠሩት! ሌላ የለዎትም?»

ላቀው ተናደደ። ከመቀመጫው ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። «ይኸውልሽ! የውጭ አገር ነው። ነጋዴ አምጥቶ ጣለብኝ። የጫካ ቢላዋ ይሉታል።»

ቢላዋው ያብለጨልጫል። ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ እጀታው ጫፍ ላይ ደግሞ አቅጣጫ የሚያሳይ ኮምፓስ። ላቀው ሌላ ጉማጅ ላይ አኖረውና መዶሻውን አነሣ።

አንድ ጊዜ ብቻ መታው። ስለቱ ከሥሩ ተቀንጥሶ በረረና የቆርቆሮውን በር መታ።

በላይነሽ ጮኸች። ላቀው በኀፍረት አንገቱን ደፋ፤ ስባሪውን አንሥቶ አሳያት።

«አየሽ? እጀታው ውስጡ ባዶ ነው፤ ብረቱ የገባው የጣት ጫፍ ያህል ነው። እኔ ይኼን ለሰው አልሸጥም፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ እጥለዋለሁ። ነይ፣ የመጀመሪያውን ልጠቅልልሽ። እሱ አጥንት ቢያገኝ እንኳ አይመለስም።»

ዙሌካ እጁ ላይ የቀረውን እጀታ አይታ ደብተሯን ዘጋች።

«የለም፣ ጋሽ ላቀው፤ ከካርቶኑ አንድ ይስጡኝ» አለች፤ «በጣም የሚያምረውን።»