አንድ ቀን ቀድሞ

ኢንጂነር ይሉታል እንጂ ኢንጂነር አልነበረም፤ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ወደዚህች ትንሽ ከተማ ሲመደብ፣ ሚስቱ በትልቁ ከተማ አስተማሪ ስለሆነች ሥራዋን ጥላ ልትከተለው አልቻለችም። በየመንፈቁ እረፍት ሲሰጠው ወደ ቤቱ ይበራል። ከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ግን፣ ለመብረር መጀመሪያ በመኪና መንቀጥቀጥ ግድ ነው።

ለቅዳሜው በረራ ትኬት ቆርጦ ስለ መንገዱ ማሰብ ጀመረ።

«አውቶቡሱ አያደርስህም» አለችው በዚያው ግቢ የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች። «መንገዱን ቆፋፍረውታል። ባለፈው ሳምንት የሄዱት አውሮፕላናቸውን ያዩት ሰማይ ላይ ነው።»

«ታዲያ በምን ልሂድ?»

«ባለ ፒካፑን አናግረው። ሲነዳ ልብ ያወልቃል፣ ግን ያደርሳል።»

የምትሰፋው ለእናቱ የሚወስደውን ቀሚስ ነበር። ሒሳብ አልጠየቀችውም፤ እሱም አላነሳም።

«አንገቱን ሰፋ አድርጌዋለሁ። እናትህ የሚያንቅ ነገር አይወዱም ብለኸኝ የለ?»

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ነበረች። ኔትወርክ የሚሻለው ውጭ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ የግቢውን በር ከኋላው ዘግቶ ወጣ።

«ቅዳሜ ነው አይደል የምትነሳው?» አለችው።

«ቅዳሜ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ዓርብ ሙሉውን እዚያው ነህ?»

«ሌላ የት እሄዳለሁ?»

«እንዲያው ነው። ቀደም ብለህ እንዳትመጣ ብዬ ነው፤ ቤቱን ቀለም እያስቀባሁ ነው።»

ከኋላዋ የወንድ ድምፅ ተሰማ። «መስኮት ጋ ይሁንልሽ ወይስ ወደ ውስጥ?»

«ማነው?»

«ቀለም ቀቢው ነዋ» አለችና ዘጋችው።

ኢንጂነሩ ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ እንዲህ የምትነዘንዝ ሰው አልነበረችም። ድሮ መቼ ትመጣለህ ብላም አትጠይቅም፤ መምጣቱን የምታውቀው በር ሲያንኳኳ ነው። አሁን ግን በማግስቱም ደውላ ያንኑ ጠየቀችው። በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። ቀለም ቀቢ ደግሞ የቤት እመቤትን «ይሁንልሽ» ሲል ሰምቶ አያውቅም።

ትኬቱን ወደ ዓርብ አስቀየረ። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። ለልብስ ሰፊዋ «በረራው ተቀየረ» ብቻ አላት። እሷም ብዙ አልመረመረችውም፤ ሸሚዞቹን አውጥታ አጣጥፋ፣ ቀሚሱን ከላይ አድርጋ ሻንጣውን ዘጋችለት።

«እናትህን ሳምልኝ» አለችው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ባለ ፒካፑ መጣ። ጉድጓድ ሲያይ ፍጥነት የሚጨምር ሰው ነው። ኢንጂነሩ በሁለት እጁ መያዣውን ጨብጦ፣ ቁርሱም ነገሩም በአንድ ላይ ሊወጣው ሲል፣ ነገሩን አስቀደመ።

«ሚስቴ ሳታታልለኝ አትቀርም።»

ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ። «በምን አወቅህ?»

«መቼ እንደምመጣ በደቂቃ ልታውቅ ትፈልጋለች። እኔ እዚህ አቧራ ስጠጣ እሷ እዚያ ቀለም ታስቀባለች። ዘንድሮ ሰው ማመን ቀረ።»

«ቀረ» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«እጅ ከፍንጅ ነው የምይዛት።»

«ይቅናህ።»

አውሮፕላን ማረፊያው አንድ አዳራሽ ነው። ከትልቁ ከተማ የሚመጣው አውሮፕላን ያመጣቸውን አራግፎ፣ የሚሄዱትን ጭኖ ይመለሳል። ኢንጂነሩ በንዴት መሃልም ለሰው ማሰብ አላቃተውም።

«ባዶህን አትመለስ» አለው ሹፌሩን ሲሰናበተው። «ከሚወርዱት ውስጥ ወደኛ ከተማ የሚሄድ አታጣም።»

ለፍተሻ አጎንብሶ ጫማውን ሲያወልቅ፣ የመጡት በወዲያኛው በር እየወጡ ነበር። የደረሰው መቀመጫ መስኮት ጋ ነው፤ ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም። መንገዱን ሙሉ ለቀለም ቀቢው የሚናገረውን ሲለማመድ ሄደ። ብዙ አማረጠና፣ በመጨረሻ አጭሩን «ተነስ» የሚለውን መረጠ።

አውሮፕላኑ መሃል ላይ ሌላ ከተማ አርፎ ሲንዘላዘል ስለዋለ፣ ቤቱ የደረሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ጫማውን በእጁ ይዞ ቁልፉን ቀስ አድርጎ አዞረ። ሳሎኑን በእግር ጣቱ አለፈ። የመኝታ ቤቱን በር በርግዶ ገባና «ተነስ» አለ።

አልጋው በሥርዓት ተነጥፏል። ማንም የለበትም።

ቁምሳጥኑን ከፈተ። አልጋው ሥር አጎንብሶ አየ። የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ገለጠ። ግድግዳውን በጣቱ ነካ፤ የድሮው ቀለም የድሮ ቦታው ላይ ነው። የሚስቱ የጉዞ ሻንጣ ግን የለም። ሰውየው ይዟት ሄዷል ማለት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያን ሁሉ መንገድ ሲፎክር መጥቶ፣ አሁን ትራሷን አንስቶ አቀፈ። ይወዳት ነበር።

ስልኩ ጮኸ።

«የት ነህ?» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ የረጋ ነው።

«ቤቴ ነኝ። ቀድሜ መጣሁልሽ። ቀለሙንም አየሁት» አላት። «አሁን እውነቱን ንገሪኝ። የት ነሽ?»

«በረንዳህ ላይ ተቀምጫለሁ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ይህኛው ቤት በረንዳ የለውም።

«ከማን ጋር?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ከሚስትህ ጋር» አለች ሚስቱ።