በተወለድኩ ዓመት የተቀመጠው ጠርሙስ

የከተማችንን የፖርቶን ወይን ጠጅ የሚያጣጥሙት ሩቅ አገር ያሉ ሀብታሞች ናቸው፤ እኛ ምላሳችንን እናከራያቸዋለን። የተከራየ ምላስ ከዚያ ወዲያ ጨውና ስኳር አይለይም። እናቴ ኦዴት የኔ እንዳይነካ ብላ የራሷን ሰጠች። ቤታችን በዕዳ ሊወሰድ ሲል ግን እኔም በድብቅ ሰጠሁ።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣ እንደ ከተማችን ልማድ፣ በተወለድኩ ዓመት የተቀመጠልኝን ጠርሙስ ከፈተች።

"ለኔም ቅመሺልኝ፣ ልጄ።"

"እንደ ማር ይጣፍጣል፣ እማዬ።"

ጎረቤታችን እትዬ ግራሲንዳ ፉት አሉና ብርጭቆው ውስጥ መልሰው ተፉት። "ይሄማ ኮምጣጤ ሆኗል። አፍሽን ምን ነካው፣ አንቺ?"

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ብርጭቆዋን ሞልታ ጨለጠችና፣ "ልጄ እውነቷን ነው" አለች፣ "ማር ነው።"